ቪዲዮ ጌም፣ ጨዋታና ትምህርት፦ የጥናት መስኩ ዳሰሳ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርቱ፣ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለትምህርት የሚጨምረውን ጥቅም የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ገልጿል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷል። ቻይናም በ2021 ልጆች ኦንላይን ጌም የሚጫወቱበትን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወስናለች። በዚህ መካከል ጌምን እንደ መማሪያ የሚያጠኑ ምሁራን ሁለት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፦ ልጅ በጌም ምን ይማራል? የተማረውንስ ከጌሙ ውጭ ይሠራበታል?

መስኩ ሥር የሰደደ ነው። የታሪክ ምሁሩ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 ጨዋታን የባህል መሠረት አድርጎ ጽፏል፤ በ1971 ደግሞ በሚኒሶታ በመምህርነት ልምምድ ላይ የነበሩ ሦስት ወጣቶች «ኦሪገን ትሬይል» የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ሠርተዋል። መስኩን ያነቃቃው ግን የሥነ ልሳን ምሁሩ ጄምስ ፖል ጂ በ2003 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ጂ ወደ ጌም የገባው ከስድስት ዓመት ልጁ ጋር ሲጫወት ሲሆን፣ በመጽሐፉ 36 የመማር መርሆችን ዘርዝሯል። ጥሩ ጌም መረጃን የሚሰጠው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው፤ መውደቅ ብዙ አያስከፍልም፤ ፈተናውም ከተጫዋቹ አቅም ጥቂት ከፍ ይላል። የመከራከሪያው መነሻ ግን በአብዛኛው የራሱ ጨዋታና የተጫዋቾች ቃል እንጂ የፈተና ውጤት አልነበረም።

ትልቁ ክርክር የሚነሳውም ከዚህ ነው። የትምህርት ምሁሩ ሪቻርድ ክላርክ ገና በ1983 አስቤዛ ያመጣ መኪና የቤተሰቡን አመጋገብ እንደማይለውጥ ሁሉ፣ የትምህርት መሣሪያም በራሱ መማርን አያመጣም ብሎ ነበር። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሪቻርድ ሜየር በ2014 ጥናቶችን ገምግሞ ክርክሩን ወደ ልኬት አመጣው። የተኩስ ጌሞች የእይታ ትኩረትን ያሻሽላሉ፤ «አእምሮን ያሠለጥናሉ» ተብለው የሚሸጡት ግን ማስረጃቸው ደካማ ነው። በጌም ውስጥ ምክር ሲጨመር፣ ተማሪው ምርጫውን እንዲያብራራ ሲጠየቅ፣ ጽሑፉ በድምፅ ሲተካ ውጤቱ ይሻሻላል። ለውጡን ያመጣው እንግዲህ የማስተማሪያ ዘዴው ነው ማለት ነው።

የጌም ተመራማሪው ከርት ስኩዋየር «ሲቪላይዜሽን 3» የተባለውን ጌም ወደ ታሪክ ክፍል ሲያስገባም የሆነው ይኸው ነበር። ከተማሪዎቹ ሩብ ያህሉ ጌሙ ከብዷቸውና ሰልችቷቸው ወደ ንባብ ቡድን ሄዱ፤ ሌላው ሩብ ደግሞ ወደደው። ጌሙን ከታሪክ ትምህርቱ ጋር ማገናኘት የመምህሩ ድርሻ ሆነ።

ሌላው ቅርንጫፍ ልጆች ራሳቸው ጌም እንዲሠሩ ያደርጋል። ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ በሠሩት ሎጎ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጀምሮ፣ በ2007 በወጣው ስክራች በተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ቀጥሏል። ነጥብ፣ ባጅና የደረጃ ሰንጠረዥ በትምህርት ላይ መለጠፍን የሚያጠናው ክፍልም ሰፊ ነው።

ኢትዮጵያ በመስኩ የምትነሳው በ2012 ይፋ በሆነ ሙከራ ነው። በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተመሠረተው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ልጆች የፊደል ጌሞች፣ መጻሕፍትና ፊልሞች የተጫኑባቸውን ታብሌቶች ያለ አስተማሪ አደለ። ቻርጅ የሚደረጉት በፀሐይ ኃይል ነበር። በወራት ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ እንደከፈቱ፣ አንዱም በሥዕል ፕሮግራም ላይ አንበሳ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ እንደጻፈ ተነገረ። ነገር ግን ይዘቱ እንግሊዝኛ፣ የአካባቢው ቋንቋ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዜናውም ያተኮረው በልጆቹ ብልሃት ላይ እንጂ ታብሌት ካላገኙ ልጆች ጋር በተነጻጸረ የንባብ ችሎታ ላይ አልነበረም።

በ2019 የተጠናቀቀው የግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ ውድድር የቋንቋውን ጉድለት አርሟል። በታንዛኒያ 170 ያህል መንደሮች የተሞከሩት የተወዳዳሪዎቹ የመማሪያ ሶፍትዌሮች በስዋሂሊ የተዘጋጁ ነበሩ። ከሙከራው በፊት ከልጆቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድም የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከ15 ወር በኋላ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ቀሪዎቹ ግን ያኔም ማንበብ አልቻሉም። ከአሸናፊዎቹ አንዱ የሆነው የዋንቢሊየን ሶፍትዌር ከዚያ ወዲህ በማላዊ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቺቼዋ ቋንቋ፣ በመምህራን ክትትል ሥር እየተሠራበት ነው።