በር ላይ የተለጠፈ ቅኔ

በአዋሽ ሰባት ኪሎ በኩል የሚያልፈውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ የተመረቀውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ነው። በዚያ ዘመን፣ በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በቻይናውያን ማደሪያ በር ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ፣ በወረቀቱም ላይ አንድ ፊደል ተዘቅዝቆ ያየ አንባቢ ካለ «ምነው ገለበጡት?» ብሎ ይሆናል። አልተሳሳቱም። ፊደሉ «ፉ» ነው፤ በረከት ማለት ነው። በቻይንኛ «ተገለበጠ» እና «ደረሰ» ሁለቱም «ዳው» ይባላሉ። እንግዳው «ፉ ተገልብጧል» ሲል ሳያውቀው «በረከት ደርሷል» ብሎ ቤቱን ይመርቃል።

ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ነው። የእኛ ኅብረ ቃል በአንደበት ሲያልፍ የእነርሱ ግን በሥዕል ይቀረጻል። «ኒየንኋ»፣ ማለትም የዘመን መለወጫ ሥዕል፣ የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነው። የሌሊት ወፍ እኛ ዘንድ ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች መናኛ ፍጥረት ናት፤ እዚያ ግን በስሟ ውስጥ «ፉ» የሚል ድምፅ ስላለ በረከት ሆና ትሣላለች። አምስት ሆነው ከታዩ አምስቱ በረከቶች ናቸው፦ ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ በጎነትን መውደድ፣ በሰላም መሞት። ወፍራም ሕፃን ዓሣ አቅፎ፣ ከጎኑ የሎተስ አበባ ካለ ደግሞ «በየዓመቱ ይትረፍረፍ» ማለት ነው፤ ዓሣና ትርፍ «ዩ»፣ ሎተስና ተከታታይነት «ሊየን» ናቸውና። በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው ዓሣ አይቶ ይሄዳል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀራጩ በጠንካራ እንጨት፣ ብዙ ጊዜ በፒር ዛፍ ጣውላ ላይ፣ ሥዕሉን ገልብጦ ይቀርጻል። አንዱ ጣውላ ጥቁሩን መስመር ያትማል፤ ለየቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣውላ አለ። በቲየንጂን ከተማ አጠገብ ያለችው ያንግሊውችንግ ግን የታተመውን መልሳ በብሩሽ ታስውባለች።

ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል በር ላይ የሚለጠፉት ሁለት ጦረኞች ቺን ሹባው እና ዩቺ ጎንግ ናቸው፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የታንግ ንጉሥ ታይዞንግ እውነተኛ ጄኔራሎች ነበሩ። እንደ አፈ ታሪኩ አጋንንት ንጉሡን እንቅልፍ ሲነሱት ደጁን ጠበቁለት፤ ንጉሡም ስለደከሙ አዘነና ምስላቸውን አሥሎ ለጠፈ። ክታብ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ሰይፍ የመዘዘውን መልአክ ያየ ኢትዮጵያዊ ሥራቸውን ወዲያው ይገባዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን የማድቤቱ አምላክ ዛው ጁን ነው። ዓመቱን ሙሉ ከምድጃው በላይ ተለጥፎ የቤተሰቡን ጉድ ይታዘባል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ሰማይ ወጥቶ ስለሚናገር፣ ቤተሰቡ ከንፈሩን በሚያጣብቅ ጣፋጭ ይቀባዋል፤ መልካም እንዲናገር፣ ካልሆነም አፉ እንዳይከፈት። ጉርሻ በሉት፤ ጉቦም ካላችሁት አልከራከርም። ከዚያ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ጢሱ መንገዱ ነው። ለአዲሱ ዓመት ሌላ ይለጠፋል።

የእኛ ቤት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጭስ እስኪያጠቁረው ይሰነብታል። ዛው ጁን ግን ለመቃጠል የታተመ ነውና አሮጌ ቅጂው ብርቅ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫሲሊ አሌክሴየቭ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቻይናን እየዞረ እነዚህን ሥዕሎች ሰበሰበ፤ ብዙዎቹ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ይገኛሉ።