ጃፓን ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር፤ ደላላው የማይነግራችሁ “12 ዓመት”

“ጃፓኖች እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ሰው አጥተዋል አሉ፤ እኛስ ምን ይጎድለናል?” እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ሰሞኑን በዝቷል። አንዷማ ዲግሪዋን ከያዘች ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ናት፤ ለደላላ የመጀመሪያ ክፍያ እንዲሆን የእናቷ ወርቅ ሊሸጥላት ነው። “በቱሪስት ቪዛ ትገቢያለሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ትምህርት ቤቱ ይቀበልሻል” ተብላለች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ምኞቷም የሚያስነውር አይደለም። ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ።

ለመሆኑ ሥራው አለ?

አለ እንጂ! ወሬ ብቻ አይደለም። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 “ጄት” የሚባል ፕሮግራም ጀምሮ ከውጭ አገር ወጣቶችን እያስመጣ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ረዳት የቋንቋ መምህር ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች መደበኛ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። ከዚህ ሌላ ረዳት መምህራንን ቀጥረው ለትምህርት ቤቶች የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። “ኤይካይዋ” የሚባሉት የግል የንግግር ትምህርት ቤቶችም በየባቡር ጣቢያው አካባቢ ሞልተዋል። እዚያ የሚማረው ሕፃን፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ ሳይቀር ነው።

ሥራው የሚገኝባቸው ቦታዎች እንግዲህ እነዚህ ናቸው። በሩ ላይ ግን ዘበኛ አለ።

ዘበኛው የሚጠይቀው

የመጀመሪያው ጥያቄ ዲግሪ ነው። ለእንግሊዝኛ አስተማሪነት የሥራ ቪዛ በተለመደው መንገድ የሚገኘው በባችለር ዲግሪ ነው፤ ያጠናችሁት የግድ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። እኔ የ12ኛ ክፍል ምሩቅ ስለሆንኩ እዚህችው ላይ እቀራለሁ፤ ተረኛው ይለፍ!

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነው። የጃፓን የኢሚግሬሽን ደንብ ለአስተማሪዎች ከሚሰጣቸው ቪዛዎች በአንዱ ላይ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው “በዚያው ቋንቋ 12 ዓመት የተማረ” መሆን አለበት ይላል። ደንቡ በቀጥታ በማይመለከታቸው የግል ትምህርት ቤቶችም ቢሆን ቀጣሪዎች ይህንኑ በማስታወቂያቸው ላይ ሲጽፉት ይታያል። ልብ በሉ! 12 ዓመት እንግሊዝኛን የተማረ አላለም፤ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ ነው ያለው። ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ታሪኩን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማለት ነው።

ቅድም የነገርኳችሁን ልጅ ወረቀት አውጥተን ቆጠርን። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ናት። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ነው የተማረችው፤ እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነበር። ከ7ኛ እስከ 12ኛ በእንግሊዝኛ 6 ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ 4 ዓመት፤ ድምሩ 10። ሁለት ጎደለ! በአንዳንዱ ክልል ደግሞ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከ9ኛ ክፍል ስለሆነ ጉድለቱ ወደ አራት ከፍ ይላል። ልጅቱ ዝም አለች። ቀጥላ “ደላላው ይህን ለምን አልነገረኝም?” አለች። ምክንያቱም ደላላው የሚበላው ከእሷ መሄድ ሳይሆን ከእሷ መክፈል ነው። ወርቁ አልተሸጠም፤ አሁን እዚሁ ማስተርስ ለመማር እያሰበች ነው። ማስተርሱ ቁጥሩን ወደ 12 ሊያደርስላት ይችላል። ውሳኔው ግን የቀጣሪውና የኢሚግሬሽኑ እንጂ የእኔና የእሷ አይደለም።

ታዲያ ማን ያልፋል?

ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ተስፋው የተሻለ ነው። እንዲህ ያላችሁ፣ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደነበር የሚመሰክር ደብዳቤ ከየትምህርት ቤታችሁ በማኅተም አስጽፉ። ሲጠየቁ መሯሯጥ አያዋጣም።

አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም እንግሊዝ ያደጉ የአበሻ ልጆች ደግሞ 12 ዓመቱን ሳያስቡት ጨርሰውታል፤ የቀረው ዲግሪው ነው። የአክስትና የአጎት ልጅ ውጭ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። ጄት የሚቀበለው የተሳታፊ አገሮችን ዜጎች ሲሆን ማመልከቻው የሚገባው በዜግነት አገራቸው ባለ የጃፓን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ነው። ምዝገባው በፈረንጆቹ መኸር ተከፍቶ ብዙዎቹ በተከታዩ ዓመት ሐምሌና ነሐሴ አካባቢ ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ዓመት ቀድሞ ማሰብ ነው።

ሌላው የጎን በር ስኮላርሺፕ ነው። የጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የሚመለከተው በኤምባሲው በኩል ነው። ያለፈ ሰው የትምህርት ክፍያውን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የኪስ ገንዘቡን ያገኛል። ከ5 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ላስተማሩ መምህራን ብቻ የተዘጋጀ የሥልጠና ዘርፍም አለው። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ፈቃድ ካወጣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል። ጃፓናዊ ወይም ጃፓናዊት ያገባ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ የሥራ ገደብ የለበትም።

ደሞዙስ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሀብታም አያደርግም። የጄት የመጀመሪያ ዓመት ደሞዝ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዓመት 3.36 ሚሊዮን የን ነበር፤ በ2025 ወደ 4.02 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። በግል የንግግር ትምህርት ቤቶች በወር 250 ሺህ የን አካባቢ የሚል ማስታወቂያ የተለመደ ነው። ይህን በብር መንዝራችሁ እንዳትሰክሩ! ግብር፣ የጤና መድንና ጡረታ ይቆረጥበታል። ቤት ስትከራዩ ከመያዣው ሌላ “ሬይኪን” የሚባል ለአከራዩ ተሰጥቶ የማይመለስ የምስጋና ገንዘብ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ዋስ አምጡ የሚልም አለ። የመጀመሪያው ደሞዝ ደግሞ እንደገባችሁ አይደርስም። ስለዚህ የአንድ ሁለት ወር ስንቅ ሳይዙ መሄድ ጾም አዳሪነት ነው።

የሥራ ሰዓቱም ይለያያል። የመደበኛው ትምህርት ቤት ረዳት መምህር በሥራ ቀናት ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል። የኤይካይዋው አስተማሪ ግን ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው ሥራው የሚደምቀው፤ እስከ ምሽት ይቆያል፣ ቅዳሜና እሑድም አይቀርለትም። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ አጭር ትምህርት አስተምራችሁ እንድታሳዩ ትጠየቁ ይሆናል። ሱፍ ልበሱ፣ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ብዙ አትናገሩ፤ ተማሪው እንዲናገር አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈውን የአበበ ቢቂላን ስም ዛሬም የሚያነሱ ሽማግሌዎች አሉና ለጨዋታ መክፈቻ ይሆናል። ለቪዛ ግን አይሆንም!

ትልቅ ነው ብሎ መታመንም አይገባም። “ኖቫ” የሚባለው በአገሩ ትልቁ የንግግር ትምህርት ቤት ጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ አገር አስተማሪዎች ያለ ደሞዝ ቀርተዋል። ኪራዩ ከደሞዛቸው ተቆርጦ ለአከራይ ያልደረሰላቸው ሁሉ ነበሩ። ውል ስትፈርሙ ደሞዝ መቼ እንደሚከፈል፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነና ሥራ ብትለቁ ምን እንደምትሆኑ ጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ቀጣሪ ይገኛል፤ ውል ይፈረማል። ቀጥሎ ቀጣሪው እዚያው ጃፓን ለኢሚግሬሽን አመልክቶ “የብቁነት ማረጋገጫ” የሚባለውን ወረቀት ያወጣላችኋል። ወረቀቱ በተለምዶ የሚያገለግለው ለ3 ወር ስለሆነ፣ እሱን ይዛችሁ ሳትዘገዩ እዚህ ኤምባሲው ዘንድ ቪዛ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው አውሮፕላን።

ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ “መጀመሪያ ክፈሉ፣ መጀመሪያ ግቡ፣ ሥራው በኋላ” የሚላችሁ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ የሰፈራችሁ ልጅም ይሁን፣ በትሕትና አሰናብቱት። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማር ክልክል ነው። የተያዘ ይባረራል፤ ያልተያዘም ደሞዙን ቢከለክሉት የሚከሰስበት አፍ የለውም።

እንግሊዝኛ ስለምትችሉ ብቻ በሩ ይከፈታል ብላችሁ አትሂዱ፤ ስለማይከፈትላችሁም እንግሊዝኛችሁ መጥፎ ነው ብላችሁ አንገት አትድፉ። ደንቡ የሚለካው ምላሳችሁን ሳይሆን የተቀመጣችሁበትን ክፍል ነው። ዛሬ ማታ እርሳስና ወረቀት ያዙና ዓመቶቻችሁን ቁጠሩ። ከ12 በታች ከሆነ የትኛው የጎን በር እንደሚቀርባችሁ አስቡ፤ 12 ከሞላ ደብዳቤዎቻችሁን አሰባስቡ። መቁጠሩ በነፃ ነው፤ የእናት ወርቅ ግን አንዴ ከተሸጠ አይመለስም።

መልካም ሳምንት!