ቁልፉ ሲዞር የማያሳፍር ባትሪ

ከአርባ ምንጭ ሥር በተዘረጋው ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጆች ማታ መረብ ጥለው ሲነጋ ያነሳሉ። ሐይቁ የናይል ፐርች ብቻ ሳይሆን የአዞና የጉማሬም ቤት ነው። እዚያ መሐል ላይ ቁልፍ ዞሮ ሞተሩ «ቀጭ» ብሎ ዝም ቢል ነገሩ ቀልድ አይደለም። ትንንሽ የጀልባ ሞተሮች በገመድ ተስበው ይነሳሉ፤ በቁልፍ የሚነሱት ትልልቆቹ ግን የባትሪ ጥገኛ ናቸው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ ባትሪው ከደከመ ማስነሻው ሞተሪኖ ቢዞርም እንኳ ላይነሱ ይችላሉ።

ማስነሳት ሌላ፣ ማብራት ሌላ

የማስነሻ ባትሪ ሥራው ከባድ ቢሆንም አጭር ነው። ሞተሪኖው ለ3 ሰከንድ 150 አምፔር ሳበ እንበል። ሲሰላ የወጣው አንድ ስምንተኛ አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በ6 አምፔር ቻርጅ ቢያደርግ እንኳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይተካዋል።

ባትሪን የሚጎዳው ሌሊቱ ነው። መብራትና የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ተደምረው 3 አምፔር ቢበሉ በ8 ሰዓት ውስጥ 24 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። ይህን በ6 አምፔር ለመመለስ ሞተሩ ከ4 ሰዓት በላይ መሥራት አለበት። አጥማጁ ግን ዳር ለመድረስ የሚነዳው ግማሽ ሰዓት ከሆነ ባትሪው በየቀኑ እንደጎደለ ይውላል። ሳይሞላ በቆየ ቁጥር ሰልፌት የሚባለው ነገር በውስጡ ባሉት ፕሌቶች ላይ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ቻርጅ ብዙም አይመልሰውም።

ለዚህ ነው ሁለት ዓይነት ባትሪ የሚሠራው። የማስነሻው ባትሪ ፕሌቶች ስስና ብዙ ስለሆኑ ብዙ ኃይል ባንድ ጊዜ ይለቃሉ፤ ደጋግሞ ባዶ መሆንን ግን አይችሉም። የመብራቱ ባትሪ ፕሌቶች ወፍራም ናቸው፤ ቀስ ብለው ይሰጣሉ፣ ደጋግሞ መውረድንም ይችላሉ። ፈረስ ለግልቢያ፣ አህያ ለጭነት እንደማለት ነው። አቅም ካለ ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይሻላል። ቦታ ከጠበበ ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ባትሪ አለ፤ በሁለቱም ሥራ ግን መካከለኛ ነው።

ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ገዢን የሚያደናግረው የአምፔር ቁጥሩ ነው። ሲሲኤ የሚባለው ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ፣ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ፣ ለ30 ሰከንድ መስጠት የሚችለው አምፔር ነው። ኤምሲኤ የሚባለው የሚለካው ግን በዜሮ ዲግሪ ነው። ቅዝቃዜው ስለሚቀንስ የዚያው ባትሪ ቁጥር በኤምሲኤ ሲጻፍ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንዱ ባትሪ በሲሲኤ 500፣ ሌላው በኤምሲኤ 550 ቢል ሁለተኛው ይበልጣል ማለት አይደለም። የሞተሩ መመሪያ በየትኛው እንደጠየቀ አይተው በዚያው ያወዳድሩ፤ ከተጠየቀው በታች ግን አይግዙ።

ጫሞ ላይ በረዶ ስለሌለ፣ መመሪያው የጠየቀው ከተሟላ በኋላ ለተጨማሪ ሲሲኤ ብዙ ገንዘብ ማውጣት እምብዛም አይጠቅምም። እዚያ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። በተለምዶ እንደሚገመተው፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ባትሪውን ከፀሐይ የሚከልል፣ አየር ግን የሚያስገባ ሳጥን ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። አየሩ የሚያስፈልገው ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚወጣው ነው።

ሁለተኛው ጠላት መንገጫገጭ ነው። ጀልባ ማዕበል ላይ ሲመታ ፕሌቶቹ ላይ የተለጠፈው ነገር ይረግፋል። ለጀልባ የተሠራ ባትሪ ውስጡ ጠንከር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ኤጂኤም የሚባለው ደግሞ አሲዱ በመስታወት ቃጫ ምንጣፍ ውስጥ የተያዘ ስለሆነ አይፈስም፣ መንገጫገጭንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ሊቲየም ቀላል ቢሆንም፣ የሞተሩ አምራች ካልፈቀደ ለማስነሻነት አይግዙት።

ባትሪ ቤት ውስጥና ጀልባው ላይ

ከመክፈልዎ በፊት የተመረተበትን ቀን ይጠይቁ። መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ከስድስት ወር በላይ የቆየ «አዲስ» ባትሪ ዕድሜው ተሸርፏል። ቴስተር አስመጥተው ያስለኩ፤ ሙሉ የሆነ ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ የለም።

ጀልባው ላይ ከታሰረ በኋላ ደግሞ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች የባትሪው ጉጦች ላይ ይያዙና ጓደኛዎ ቁልፉን ያዙር። ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አልሞላም፣ ወይ ደክሟል። ከ10.5 በላይ ቆይቶ ሞተሪኖው እየተንቀራፈፈ ከዞረ ግን ባትሪውን ከመክሰስዎ በፊት ገመዱን ይመርምሩ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ጉጥ ላይ፣ ሌላውን ጉጡን የያዘው ሞርሴቶ ላይ አድርገው ቁልፉ እንደገና ይዙር። ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ግማሽ ቮልት ካሳየ ጥፋቱ እዚያው ነው። ሞርሴቶውን ፈተው፣ ዝገቱን በብሩሽ አጽድተው፣ አጥብቀው ይሰሩት። ሲፈቱ ኔጋቲቩን ያስቀድሙ፣ ሲያስሩ ፖዘቲቩን። ሞተሩ እየሠራ ግን ፈጽሞ አይፍቱ፤ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

ገንዘቡ ለአንድ ባትሪ ብቻ ከበቃ፣ መመሪያው የሚጠይቀውን ያህል ሲሲኤ ያለው፣ በቅርብ የተመረተ የማስነሻ ባትሪ ይግዙ። ለመብራቱ በራሱ ቻርጅ የሚሠራ የእጅ ባትሪ ይበቃል፤ የማስነሻውን ባትሪ ለቁልፉ ብቻ ይተዉት።