ኬሞቴራፒ የሚያዝ ሐኪም ፍለጋ

ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትና ከፕሮጀክት ጣቢያዎቻችን ስለ ካንሰር ሕመምተኞች የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለኬሞቴራፒ መድኀኒት መግዣ የሚሆን ገንዘብ። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት ሁለት ነገር መልሰን እንጠይቃለን። መድኀኒቱን ያዘዘው ሐኪም ማን ነው? የፓቶሎጂው ምርመራ ውጤትስ የት አለ? ይህን ስንጠይቅ ለመርዳት ያመነታን የሚመስላቸው ወገኖች ስላሉ፣ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን ለመግለጽ ወደናል።

ኬሞቴራፒ ሲባል እንደ ፔኒሲሊን ያለ አንድ መድኀኒት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት መድኀኒቶች ግን ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሕዋሳት በመግደል ነው። የነቀርሳ ሕዋስ ቶሎ ይባዛል። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚያመርተው መቅኔም እንዲሁ ቶሎ ይባዛሉ። መድኀኒቱ ወዳጅና ጠላት ስለማይለይ ፀጉር ይረግፋል፣ አፍ ይቆስላል፣ ደም ያንሳል።

መድኀኒቱ ከበሽታው ዓይነት ጋር መገጣጠሙ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በምሥራቅ አፍሪካ የታየ አንድ ታሪክ ያስረዳል። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ በሕፃናት መንጋጋ ላይ ስለሚወጣ እብጠት እ.ኤ.አ. በ1958 ጽሑፍ አወጣ። በኋላ በስሙ የተጠራው ይህ ነቀርሳ ሳይክሎፎስፋሚድ በተባለው መድኀኒት ጥቂት ጊዜ ብቻ ተሰጥቶት ሲሟሽሽ ታየ። ያው መድኀኒት ብቻውን ለጉበት ነቀርሳ ቢሰጥ እንዲህ ያለ ውጤት አያመጣም። ደግሞም የበርኪት እብጠት በፍጥነት ሲሟሽሽ ከሞቱት ሕዋሳት የሚወጣው ነገር ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። አስቀድሞ በቂ ፈሳሽና ኩላሊትን የሚጠብቅ መድኀኒት ካልተሰጠ፣ ሊያድነው በሚችለው መድኀኒት ልጁ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ መዝኖ የሚያዘው ሐኪም ኦንኮሎጂስት ይባላል። ለሕፃናት የሕፃናት ኦንኮሎጂስት፣ ለደም ካንሰር ደግሞ ሄማቶሎጂስት አለ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕመምተኛ ሁሉ መንገድ የሚያመራው ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ የጨረር ሕክምናም ከዚያ በቀር በአገሩ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኦንኮሎጂስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ ወዲህ ስፔሻሊስቶቹ ተጨምረዋል፤ በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳና በሐረር ባሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ይሁንና ለሕዝባችን ብዛት ሐኪሞቹ አሁንም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሕመምተኛውን አሳፍራችሁ ወደ አዲስ አበባ ከመላካችሁ በፊት፣ በቅርብ ባለው ትልቅ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል መኖሩንና ኦንኮሎጂስቱ የሚገኝበትን ቀን ደውላችሁ ጠይቁ። የሪፈር ወረቀትም ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በደረጃው መያዝ አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደረጃውን ዘልሎ ከሄደ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኦንኮሎጂስቱ ያለ ፓቶሎጂ ውጤት መድኀኒት አያዝም፤ ማዘዝም አይገባውም። በጡት ላይ ያለ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ነቀርሳ ቢሆንም ዓይነቱ ይለያያል። በቀጭን መርፌ የሚቀዳው ናሙና ሕዋሳትን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ጊዜ ወፈር ባለ መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና የሚወሰድ ቁራጭ ሥጋ ያስፈልጋል። በቁራጩም ላይ ነቀርሳው የሴት ሆርሞን ተቀባይ ያለው መሆኑና አለመሆኑ ይመረመራል። ተቀባይ ካለው ታሞክሲፊን የተባለው ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ በአንዳንዶቹ ሕመምተኞች ዘንድም ኬሞቴራፒውን ራሱን ሊያስቀር ይችላል። ተቀባይ ከሌለው ግን ክኒኑ አይጠቅምም። አንዲት እናት በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ ትመላለስ ወይስ ቤቷ ሆና ክኒን ትዋጥ የሚለው የሚወሰነው እንግዲህ በዚያች ቁራጭ ሥጋ ነው።

ቁራጯ ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ትበላሻለች። በብዙ ቦታ ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰቡ ስለሆነ የክሊኒክ ሠራተኞቻችን ይህን ልብ ብለው ያንብቡ። ናሙናው የሚቀመጠው በፎርማሊን ነው፤ በጨው ውኃ ወይም በአልኮል አይደለም። ፎርማሊኑ የሥጋውን አሥር እጥፍ ያህል መሆን ይገባዋል። ብልቃጡ አፈ ሰፊ ይሁን፤ ሥጋው ፎርማሊን ሲጠጣ ስለሚደርቅ በጠባብ አፍ የገባው አይወጣም። ስምና ቀን የሚጻፈው በብልቃጡ አካል ላይ ነው፤ ክዳን ይለዋወጣል። ደግሞም ናሙናው በጓዳ ሳምንታት አይቆይ። ጡት ወይም ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ለምርመራ መክፈያ ጠፍቶ ሥጋው ከተጣለ፣ ኦንኮሎጂስቱ ያለ ማስረጃ ቀርቶ ሕመምተኛዋም ዕድሏን አጣች ማለት ነው። በእኛ አስተያየት አንዲት አጥቢያ በመጀመሪያ ልትከፍለው የሚገባት የእርዳታ ገንዘብ የዚህ ምርመራ ክፍያ ነው፤ ከመድኀኒቱ ዋጋ ጋር ሲተያይም ትንሽ ነው።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ሐኪሙ መጠኑን ያሰላል። መጠኑ የሚሰላው ከሕመምተኛው ቁመትና ክብደት ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው መስጠት ከቶ አይቻልም። ደም፣ ኩላሊትና ጉበት ይመረመራሉ። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኀኒት ልብን ስለሚጎዳ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ይህ መድኀኒት በዕድሜ ሙሉ ሊታለፍ የማይገባው ጠቅላላ መጠን ስላለው፣ ስንት እንደተሰጠ የተጻፈበት ካርድ መጥፋት የለበትም። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰም ሥጋን ያቆስላል። (ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ቀይ ይሆናል፤ ደም አይደለምና ሕመምተኛዋ አትደንግጥ።) በዚህ ሁሉ ምክንያት ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን መድኀኒት በመንደር ክሊኒክ ስጡልን ለሚሉ ሰዎች ሠራተኞቻችን አንችልም ማለት አለባቸው።

ከሁሉም ይልቅ የምንፈራው ትኩሳትን ነው። መድኀኒቱ ከተሰጠ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ እጅግ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ሕመምተኛው ወደ አገሩ ተመልሷል። ትኩሳት ሲነሣ ወባ ነው ወይም ብርድ መትቶት ነው ተብሎ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ ትኩሳቱ ለጊዜው ይበርዳል፣ ኢንፌክሽኑ ግን በደም ውስጥ ይሠራጫል። 38 ዲግሪ የደረሰ ሕመምተኛ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስና በደም ሥር አንቲባዮቲክ ማግኘት አለበት፤ እስከ ጠዋት መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ቴርሞሜትር ይኑረው። ማታ የሚያደርሰው መኪና የማን እንደሆነም ጉባኤው አስቀድሞ ይወቅ።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት እንበል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ሕክምና ብዙ ጊዜ ስምንት ዙር ነው። በየ21 ቀኑ ከተሰጠ አምስት ወር ያልፋል። ጉባኤው በአንድ እሑድ መባ ሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ከፍሎ ቢያቆም፣ ሕመምተኛዋ ፀጉሯን ታጣለች፤ ነቀርሳው ግን ይቀራል። በመሆኑም ዙሩ ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቁ መዋጮ አትጀምሩ። የመሳፈሪያና የማደሪያ ወጪው ተደምሮ ከመድኀኒቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ በከተማ ያላችሁ አባሎች ከገንዘብ ይልቅ አንድ አልጋና ትኩስ ምግብ ብትሰጡ ብዙ ታግዛላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ቤተሰብ ከፍቅር የተነሣ በሽታውን ከሕመምተኛው ይደብቃል፤ ሽማግሌዎችም ተባባሪ ይሆናሉ። ኦንኮሎጂስቱ ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ሕመምተኛውን ነው፤ የማያውቀውን በሽታ ለማከም የሚፈቅድ ሰው የለም። ከተጸለየ በኋላ መድኀኒት መውሰድ አለማመን ነው ብለው ሕመምተኛን የሚያዘገዩም አሉ። እነዚህን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ከዘገየ በኋላ የሚመጣ ነቀርሳ ሐኪሙንም አማራጭ ያሳጣዋልና።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ኬሞቴራፒ አላዝም ይላል፤ ሰውነቱ የማይችል ወይም በሽታው አልፎ የሄደ ይሆናል። ያን ጊዜ ሌላ መድኀኒት አዛዥ ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ መንከራተት አይገባም። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እንዲታዘዝለት ጠይቁ፤ በሐኪም ትእዛዝ ከተወሰደ ሕመሙን ያስታግሣል።

ጥያቄ ስትልኩልን የፓቶሎጂውን ውጤትና የሐኪሙን ትእዛዝ ግልባጭ፣ የዙሮቹን ብዛትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ጽፋችሁ ላኩ። ዋናው ወረቀት ግን ከሕመምተኛው እጅ አይውጣ፤ ሐኪሙ በየቀጠሮው ይጠይቀዋል።