የእናት ደረትና የአስታማሚ እጅ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምትገኘው ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ የነበረች አገር ናት። ብርዷን የቀመሰ ሰው፣ በዚያ ያለች አራስ ሕፃኗን ከጋቢ ውስጥ አስገብታ ከደረቷ የምታጣብቀው ስለ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። የዛሬው ነገራችንም ከዚሁ ደረት አይርቅም።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲላክ፣ ዘመዶቹ «ከሐኪም እጅ ገባ» ብለው እፎይ ይላሉ። ማለታቸውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የአገራችን የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ታውቋል። ነገር ግን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከአንዱ ሞት ሲያስጥል ሌላ አደጋ ያለበት ስፍራ ነው። ይህም በዓለም ሁሉ ያለ ነው እንጂ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም።

ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ ነው። እናት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የምታስተላልፍለትን የበሽታ መከላከያ ገና አልጠገበም። በዚህ ላይ ለመድኃኒት ሲባል የደም ሥሩ በመርፌ ይበሳል። ክሌብሲዬላ የተባለው ባክቴሪያ የሚገባው በዚህ በር ነው። በእጅ መታጠቢያው ገንዳና ለብዙ ሕፃናት በሚቀዳበት የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ይቆያል፤ ክንፍ ግን የለውም፤ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያሻግረው አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ ነው። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የተለመዱት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ብዙ ጊዜ አይበግሩትም። ስለዚህ ዋናው ዘዴ ሳይገባ መከልከል ነው።

የእጅ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሐኪሙ ኢግናዝ ሴመልቫይስ ባልደረቦቹ ወደ ወላዶች ሲገቡ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባስገደደ ጊዜ፣ ከመቶ 18 ደርሶ የነበረው የእናቶች ሞት በሁለት ወር ውስጥ ወደ 2 ወረደ። ባልደረቦቹ ያመሰገኑት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም።

ይሁን እንጂ ንጽሕና ሲባል እናትን ከበር መመለስ የሚመስለው ሰው አለ። ተማሪዎች ሳለን እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ሆኖ ተገኘ። ማሞቂያ ሣጥን ባጠረበት የቦጎታ ሆስፒታል፣ በኮሎምቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ደረት የማጣበቅ ዘዴ «የካንጋሩ እንክብካቤ» ይባላል። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ፈትነውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ ሆስፒታሎች፣ ከ1.8 ኪሎ በታች የሆኑ ሕፃናት ሳይረጋጉ ገና እንደ ተወለዱ ከእናታቸው ጋር በጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዲውሉ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት፣ ከመቶ ወደ 16 የተጠጋው ሞት 12 ሆነ፤ የደም መመረዝ የተጠረጠረባቸውም ከ28 ወደ 23 ያህል ወረዱ። ሕፃኑ የባዕድ እጅ ያነሰበት ነው፤ በቆዳው ላይ የሚሰፍረው የእናቱ ተሕዋስ ነው፤ ጡቷም ከአፉ አይርቅም። እርግጥ እርሷም እጅዋን ትታጠባለች። ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን ካልሳምን ማለቱ ግን ይቆይ።

ከሰላ ድንጋይ የመጣች እናት ሳምንታት ከልጅዋ ጋር ትቆይ ዘንድ አልጋ፣ ምግብና መታጠቢያ ውሃ ያስፈልጋታል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ በበጀት ጽሕፈት ቤት የሚቀመጡ አሉ። የማሞቂያ ሣጥን መግዣ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ የእናቲቱ አልጋና የቧንቧው ውሃ በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ እንዲመለከቱልን እንለምናለን።