አይ-94 ላይ ያለው ቀን፦ ከዩክሬን በፓሮል የመጡ ሰዎችና የመንግሥት ድጋፍ

ሁለት የካርኪቭ ልጆች፣ ወንድማማቾች፣ በኖቬምበር 2024 ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ገቡ እንበል (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አውሮፕላናቸው አንድ፣ የተሰጣቸውም የሁለት ዓመት ሰብዓዊ ፓሮል አንድ ዓይነት ነው። የታላቁ ሚስት በጁን 2023 በፓሮል ቀድማ ገብታለች። ታናሹ ላጤ ነው። ገቢያቸው እኩል ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ፣ ወዲያው ለድጋፍ ሲያመለክቱ ታላቁ ለምግብ ፉድ ስታምፕ፣ ለሕክምና ሜዲኬይድ ተፈቀደለት፤ ታናሹ አምስት ዓመት ጠብቅ ተባለ።

ያመለከቱበት ቢሮ አልተሳሳተም። ፓሮል ቪዛ የሌለው ሰው በችግሩ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ እንዲገባ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ በራሱ ድጋፍ አያስገኝም። በ1996ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ቢያንስ የአንድ ዓመት ፓሮል ያገኘ ሰው ብቁ ከሚባሉት ጋር ቢቆጠርም፣ አዋቂ ከሆነ ለዋና ዋናዎቹ ድጋፎች አምስት ዓመት ይጠብቃል። ከቦምብ ሸሽቶ አንድ ሻንጣ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ የማይሆን ነገር ነው። ኮንግረስም ይህን አይቶ በሜይ 2022 በወጣው ሕግ፣ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 በፓሮል የገቡ ዩክሬናውያን እንደ ሪፊውጂ ድጋፍ እንዲያገኙ ፈቀደ። በኋላ ማብቂያው ወደ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተገፋ። ከዚያ ወዲህ የገባ ሰው የሚካተተው በዋናነት ቀድሞ የገባ ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ወይም ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ያላገባ ልጅ ሲሆን ነው። ወንድም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ታናሹን ያስቀረው ይኸው ነው።

ሕጉ የሚናገረው ስለ ዜጎች ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻ መደበኛ መኖሪያው ዩክሬን የነበረን ሰውም ይጠቅሳል። በኪየቭ፣ በኦዴሳ፣ በካርኪቭ ተምረው፣ እዚያው አግብተው ወልደው የቀሩ ወገኖቻችን አሉ። ከዩክሬናዊት ሚስቱ ጋር በፓሮል የገባ ኢትዮጵያዊ «እኔ ዜጋ አይደለሁም» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳይቀር።

ኬዝ ወርከር መጀመሪያ የሚያየው አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ መዝገብ ነው። እዚያ ላይ የገቡበት ቀን፣ ፓሮሉ የሚያበቃበት ቀንና የአገባብ ምልክቱ ይገኛሉ። «ዩናይቲንግ ፎር ዩክሬን» በተባለው ፕሮግራም የመጡት ብዙውን ጊዜ «ዩ ኤች ፒ» የሚል ምልክት አላቸው። ድጋፉ የሚቆየው ፓሮሉ እስካለ ድረስ ስለሆነ ማብቂያ ቀኑን ማወቅ ግድ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፓሮሉ ሲያልቅ ጊዜያዊ ከለላ የሚሰጠው ቲ ፒ ኤስ ስላላቸው፣ የሥራ ፈቃዳቸውም ስለማይቋረጥ፣ ምንም የተለወጠ አይመስላቸውም። ቲ ፒ ኤስ ግን ከመባረር ይጠብቃል፣ ያሠራል እንጂ ለፌዴራል ፉድ ስታምፕም ሆነ ለመደበኛ ሜዲኬይድ ብቁ አያደርግም። የኢትዮጵያ ቲ ፒ ኤስ የነበራቸው ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። መልስ ያላገኘ የጥገኝነት ማመልከቻም ለእነዚህ ድጋፎች አይበቃም። ፓሮሉ በሪ-ፓሮል ሲራዘም ግን እንደ ሪፊውጂ መቆጠሩም ይቀጥላል።

እንደ ሪፊውጂ መቆጠር የሚያስገኘው ነገር ግን በ2025 በጣም ቀንሷል። በሪፊውጂ ቢሮ በኩል የሚሰጠው የገንዘብና የሕክምና እርዳታ፣ ከሜይ 5 ቀን 2025 ወዲህ ብቁ ለሆኑ ሰዎች፣ ከ12 ወር ወደ 4 ወር ወረደ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ በፓሮል ያሉትን ብቻ ሳይሆን ሪፊውጂዎችን ራሳቸውን ከፉድ ስታምፕ አስወጣ፤ ከስደተኞች በዋናነት የቀሩት ግሪን ካርድ ያላቸው ናቸው። ቀድሞ ይቀበል የነበረ ቤተሰብ ድጋፉ የሚቋረጥበት በእድሳት ጊዜ ነው። ሜዲኬይድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ ይጠብባል። በ2022 ቃል የተገባለትን ሰው በመንገዱ አጋማሽ መተው ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ሆኖም የመቋረጡ ደብዳቤ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተዘጋ ማለት አይደለም። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት የሚሰጠው የዊክ ምግብ የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቅም፤ የትምህርት ቤት ምሳም እንደዚሁ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ዜጋ ስለሆነ፣ እናትና አባቱ ከፉድ ስታምፕ ቢወጡም የቤቱ ገቢ ከፈቀደ የእሱ ድርሻ ይቀጥላል። ፉድ ስታምፑ በስህተት የተቆረጠ ከመሰላቸውም በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ መጠየቅ ይችላሉ። የመቋረጫው ቀን ሳይደርስ ከጠየቁ፣ የእድሳት ጊዜያቸው እስካላለቀ ድረስ፣ ውሳኔው እስኪሰጥ መቀበላቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ ፖስታውን በመጣበት ቀን መክፈት ነው።