የቦረና ጨረቃ እና 27ቱ ዕለታት

ከሐዋሳ ተነሥቶ በአለታ ወንዶና በቦሬ አድርጎ ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ፣ የቦሬን የደጋ ጉም ከኋላው ትቶ ቆላው ሲደርስ ሰማዩ ይሰፋለታል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ በዓይን ጎልቶ ይታያል። ይሁንና በዚያ የሚኖሩ ተማሪዎች ስለ ሰማይ የሚማሩት በአብዛኛው በአውሮፓ ሰማይ ልክ የተሰፋ ትምህርት ነው። ለንደን ላይ ከአድማስ 51 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚታየው የሰሜን ኮከብ፣ ነገሌ ላይ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚነሣ አንድ ግራር ይሸፍነዋል። እኛ መምህራንም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም።

ለመሆኑ እዚያው ያለው ዕውቀት ምን ያስተምረናል? አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ አያንቱ የሚባሉት የቦረና ሊቃውንት ዘመንን የሚቆጥሩት በጨረቃና በከዋክብት እንደሆነ ገልጸዋል። ዓመቱ 12 ወራትና 354 ቀናት አሉት። ስም ያላቸው ዕለታት ግን 27 ብቻ ናቸው። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ስሞቹ ከወሩ በፊት ያልቁና እንደገና ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ቀጣዩ ወር የሚብተው በሁለት ወይም በሦስት ስም ፈቀቅ ባለ ዕለት ነው።

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ወደዚያው እስክትመለስ 27.3 ቀን ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ምድር በፀሐይ ዙሪያ 27 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ዳግም ለመገጣጠም ሌላ 2.2 ቀን ያስፈልጋታል፤ ድምሩ 29.5 ይሆናል። የ27ቱ ስሞች ቁጥር ከ27.3 ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ አይመስለንም። ልዩነቱን ለመለካት ቴሌስኮፕ አያሻም። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ጨረቃ ደግሞ በከዋክብቱ መካከል በየቀኑ 13 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ትፈቀቃለች፤ አንድ ጭብጥ ከሁለት ጣት መሆኑ ነው።

ያልተቋጨ ጉዳይም አለ። አስመሮም እንደሚሉት ስድስቱ ወራት የሚለዩት አዲስ ጨረቃ ከላሚ፣ ከቡሳን (ሰባቱ ከዋክብት)፣ ከባካልቻ (አልደባራን) እና እስከ ባሳ (ሲሪየስ) ድረስ ካሉት ሌሎች ከዋክብት ጋር በተራ ስትገጥም ነው። የቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ እየጎደለች የምትሄደው ጨረቃ ከላሚ ጋር በመግጠሟ ይታወቃሉ። ላሚ የትራያንጉለም ከዋክብት ከሆነ ግን ችግር ይገጥመናል። ጨረቃ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ከ28.5 ዲግሪ እምብዛም አታልፍም፤ የትራያንጉለም ዋና ዋና ከዋክብት ግን ዛሬ ከ29 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ናቸው። ታዲያ እንዴት ይገጥማሉ?

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሎረንስ ዶይል እ.ኤ.አ. በ1986 «መግጠም» ማለት ጎን ለጎን መቆም ሳይሆን በአድማስ ላይ በአንድ ስፍራ መውጣት እንደሆነ፣ ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ከነበረው የከዋክብት አቀማመጥ ጋር እንደሚስማማ አቀረበ። ከዋክብቱ ቦታ የለወጡት የምድር ዛቢያ በ26,000 ዓመት አንድ ዙር ስለሚሽከረከር ነው። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም፣ አንድ አያንቱ «ገጠመች» ሲል በጣቱ የት እንደሚያመለክት ሳይታይ ሊጸድቅ አይገባም ብለን እናምናለን።

ይህን ለማየት የሚቀርቡት የነገሌ፣ የያቤሎና የሜጋ ተማሪዎች ናቸው። አንድ ደብተር፣ የሰዓትና የአድማስ ምልክት፣ ዓመት ሙሉ ማለዳ ላይ ላሚን ከጨረቃ ጋር መመዝገብ፣ ከዚያም በዕድሜ የገፉት አያንቱዎች ሳያልፉ መዝገቡን ይዞ አጠገባቸው መቀመጥ።